ግሩቩ የማን ነው?

ክላይድ ስተብልፊልድ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጄምስ ብራውን ባንድ ጋር ስቱዲዮ ገብቶ የመታት የጥቂት ሰከንዶች የድራም ግሩቭ፣ ማለትም እየተደጋገመች የምትሄድ የምት ሐረግ፣ ከዓመታት በኋላ የሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሮች እየቆረጡ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሥራዎች ውስጥ አስገቧት። የሥራው ርእስ «ፈንኪ ድራመር» ራሱ ድራመሩን የሚያወድስ ነው፤ ድርሰቱ የተመዘገበው ግን በጄምስ ብራውን ስም ብቻ ስለነበር ስተብልፊልድ የደራሲ ድርሻ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ዘ ሚተርስ የተባሉት አራት የኒው ኦርሊንስ ሙዚቀኞች «ሲሲ ስትረት»ን አወጡ። ጊታሪስቱ፣ ቤዚስቱ፣ ድራመሩና ኦርጋን ተጫዋቹ፣ አራቱም በደራሲነት ተመዘገቡ። በሁለቱ ድራመሮች መካከል የነበረው ልዩነት የችሎታ አይደለም፤ የወረቀት ነው።

ከዚህ የጀመርኩት አብዛኛው አዲስ የፈንክና የጃዝ ባንድ የድርሻን ጉዳይ «ገንዘብ ሲመጣ እንነጋገራለን» እያለ ስለሚያቆየው ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ሁሉም በልቡ የየራሱን አስልቶ ጨርሷል። ደግሞም ነገሩ የሂሳብ ብቻ አይደለም። ፈንክ በምት ላይ የቆመ፣ ማንም ብቻውን የማይሠራው ሙዚቃ ነው። የአንዱን መስመር ነጥላችሁ ብታዳምጡት ብዙ ጊዜ ምንም አይመስልም፤ ሁለት ሦስት ኖታና ብዙ ዝምታ ነው። ሥራው ያለው በመስመሮቹ መካከል ነው። ልምምዱንም፣ መድረኩንም፣ ክፍፍሉንም ከዚህ ሐቅ ያስነሳ ባንድ ይዘልቃል። ሌላው ደህና ሶሎ የሚጫወቱ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቡድን ሆኖ ይቀርና ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ይበተናል።

16 ቦታ

አንድ ባለ አራት ምት ባር (የሙዚቃው መለኪያ ክፍል) 16 ትንንሽ ቦታዎች አሉት። በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ ግሩቭ ላይ እያንዳንዷ ቦታ 150 ሚሊ ሰከንድ ናት። ስድስት ሰው፣ ማለትም ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድና ሁለት ትንፋሽ መሣሪያ፣ እነዚህን ቦታዎች ይካፈላል። ጄምስ ብራውን «ዘ ዋን» የሚላትን የመጀመሪያዋን ምት ሁሉም አብሮ እንዲያርፍባት አጥብቆ ይፈልግ ነበር። የቀሩት 15 ቦታዎች ናቸው ድርድር የሚያስፈልጋቸው።

አዲስ ግሩቭ ሲሠራ ድራምና ቤዝ ብቻቸውን አሥር ደቂቃ ያህል የሁለት ባር መስመር እየደጋገሙ ይጫወቱ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አንደኛው ላይ፣ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ድራም) ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይውደቅ። ቤዙ አንደኛው ላይ ከኪኩ ጋር አንድ ድምፅ እስኪመስል ድረስ ይግጠም። ጀማሪ ቤዚስት ኖታው የት እንደሚጀመር ይጨነቃል እንጂ የት እንደሚቆም አያስብም፤ ፈንክ ውስጥ ግን ማቆሚያው ይበልጣል። ቤዙ ስኔሩ ከመመታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከተቆረጠ፣ ድራመሩ ጉልበት ሳይጨምር ስኔሩ ጠንክሮ ይሰማል። ይህንን ለማየት ያው መስመር አንዴ ኖታው እንዲጎተት፣ አንዴ እንዲቆረጥ ተደርጎ በስልክ ይቀረጽ። ልዩነቱን ሙዚቃ የማያውቅ ሰውም ይሰማዋል።

ከዚያ ጊታሩ ይግባ። ቀኝ እጁ 16ቱንም ቦታ ሳያቋርጥ ይጭራል፤ ግራ እጁ ግን ገመዶቹን እየደፈነ ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ብቻ ድምፅ ያወጣል። ሦስቱ ቀጫጭን ገመዶች ይበቁታል። ወፍራሞቹን ከነካ የቤዙን ቦታ ይሻማል። ጭረቱ የሚንገዳገደው ብዙውን ጊዜ ጊታሪስቱ ድምፅ በማያወጣባቸው ቦታዎች ላይ እጁን ስለሚያቆም ነው፤ እጅ ከቆመ ሰዓቱም ይቆማል።

ኪቦርድ ላይ ችግር የሚያመጣው ግራ እጅ ነው። ፒያኖን ብቻውን ተለማምዶ ያደገ ሰው ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ መሸፈን ለምዷል። ባለ አራት ገመድ ቤዝ የሚደርስበት ዝቅተኛ ኖታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የኪኩም ወፍራም ድምፅ ከዚያ ብዙም አይርቅም። እዚያ ላይ የኪቦርዱ ግራ እጅ ሲጨመር ድምፁ ሁሉ ይደፈርሳል፣ የቤዙ ዜማም ይጠፋል። ግራ እጅ ይረፍ፤ ወይም የኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ኖታዎች) ሦስተኛና ሰባተኛ ኖታ ብቻ መሃል ላይ ይያዝ። ሁለቱ ኮርዱን ለመለየት ይበቃሉ፣ ሥሩን፣ ኮርዱ የሚጠራበትን ኖታ፣ ቤዙ ይዞታል።

አምስተኛው ሰው ሲገባ ቀድሞ ይሰማ የነበረ መስመር ከጠፋ፣ ድምፅ መቀነስ መፍትሔ አይሆንም፤ የገባው ሰው ኖታ ይቀንስ። ብዙ ባንድ ይህን ገልብጦ ያደርገውና ሁሉም አምፕሊፋየሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ይሄዳል። የጃዝ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኸርቢ ሃንኮክ በ1973 በ«ሄድ ሃንተርስ» አልበም ያሳየው ከዚህ በተቃራኒ ነው። «ካሚሊየን» የተባለው ሥራ ከ15 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ሰፊው ክፍሉ የቆመው በሁለት ኮርድ ላይ ነው። የማይሰለቸው መስመሮቹ አንድ በአንድ ስለሚገቡና አዲሱ ሲገባ የቀደመው ቦታውን ስለማይለቅ ነው። የታወቀውን የመክፈቻ ቤዝ መስመር የሚጫወተው ራሱ ሃንኮክ በሲንተሳይዘር ነው።

ሰዓት የሁሉም ነው

ቴምፖ (የምቱ ፍጥነት) ሲሸሽ ድራመሩን መውቀስ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ድራመሩ የሚሮጠው ሶሎ የያዘው ሰው ስለጎተተው ነው። ሜትሮኖምን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በየምቱ ማጮህ እምብዛም አያስተምርም፤ መሣሪያው ሰዓቱን ይይዝላችኋል፣ እናንተ ትከተሉታላችሁ። 100 ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ሜትሮኖሙን 50 ላይ አድርጉትና ጩኸቱን እንደ ሁለተኛና አራተኛ ምት ስሙት። እሱ ሲለመድ 25 ላይ አውርዱት፤ በአንድ ባር አንዴ ብቻ ይጮሃል። የስልክ ሜትሮኖሞች አብዛኞቹ እዚያ ድረስ ይወርዳሉ። ሦስተኛው ልምምድ ያለ መሣሪያ ነው፦ አራት ባር መጫወት፣ አራት ባር ሁሉም ዝም ማለት፣ ከዚያ አንደኛው ላይ አብሮ መግባት። እግር ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል፣ መቁጠሪያ ድምፅ ማውጣት አይፈቀድም። መጀመሪያ ላይ ስድስቱም በስድስት የተለያየ ቦታ ይገባሉ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ማን ሁልጊዜ እንደሚቀድምና ማን እንደሚዘገይ በግልጽ ይታወቃል።

ርቀትም አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰፊ መድረክ ላይ ከድራሙ 8 ሜትር ርቆ የቆመ ትራምፔት ተጫዋች ስኔሩን የሚሰማው 23 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። 150 ሚሊ ሰከንድ ካላት ቦታ ላይ ይህ ትንሽ አይደለም። ልምምድ ላይ በክብ ቆማችሁ ተጠጋጉ። መድረክ ላይም ቦታው ሰፊ ነው ተብሎ አትበተኑ፤ መራቅ የግድ ከሆነ ኪክና ስኔር በትንፋሽ ተጫዋቾቹ ሞኒተር (ተጫዋቹ ወደ ራሱ አዙሮ የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ይግቡ።

ጃዙ ሲጨመር ሌላ አደጋ ይመጣል፦ መንገድ መጥፋት። ባለ 32 ባር ቅርጽ ላይ ሶሎ እየተጫወተ አንድ ሰው ሁለት ባር ቢስት ሁሉም ይደናገጣል። ቤዚስቱ ቅርጹ እንደ አዲስ በጀመረ ቁጥር አንደኛው ላይ ሥሩን በግልጽ ያስቀምጥ፣ ድራመሩም እዚያው በሲምባል ያመልክት። የጠፋው ሰው እየገመተ ከመቀጠል ዝም ብሎ ያንን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ምልክቶቹም ልማድ አላቸው። እጅ ወደ ራስ ከሄደ ወደ ዋናው ዜማ እንመለስ ማለት ነው፤ አራት ጣት አራት አራት ባር እየተቀባበልን እንጫወት ማለት ነው፤ የተጨበጠ እጅ መዝጊያ ነው። ምልክቱን የሚሰጥ ሰው በየሥራው አንድ ብቻ ይሁን። የሶሎው ብዛት ላይ ደግሞ እኔ ጨካኝ ነኝ። ለአንድ ሥራ ሁለት ሶሎ ይበቃል፣ ሁለተኛው ሲጋል ሌሎቹ ትንፋሽ ተጫዋቾች ከኋላ አጭር ሐረግ ይመልሱለት። ሁሉም በየሥራው ሶሎ ካልወሰድኩ ካለ አድማጩ ሦስተኛው ሥራ ላይ ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ሁለት ትንፋሽ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ቴነር ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ለጀማሪ ባንድ በቂ ነው። ሦስተኛ ሲጨመር ሙሉ ኮርድ ይገኛል፤ ክፍያውም ጉዞውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ጊታሪስቶች ኢ ቁልፍን ይወዳሉ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ኖታ ግን ከሚሰማው ድምፅ ተለይቶ ስለሚጻፍ ለቴነርና ለትራምፔት ያ ኤፍ ሻርፕ ይሆንባቸዋል፣ ለአልቶ ሳክስፎን ሲ ሻርፕ። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ኢ ፍላት ላይ ቢሠራ ለቴነሩ ኤፍ፣ ለአልቶው ሲ ይሆናል፤ እጃቸውም ይፈታል። ጊታሩ አንድ ፍሬት ከመሸሽ በቀር ብዙ አያጣም፤ ባለ አራት ገመድ ቤዝ ግን ዝቅተኛውን ኢ ፍላት አያገኘውም፤ ወይ ባለ አምስት ገመድ ይያዝ፣ ወይ ማስተካከያውን ግማሽ ድምፅ ያውርድ። ትንፋሽ መሣሪያ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ሳይነፋ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። የትንፋሽ ክፍሉ ጥንካሬ የሚታየውም በአገባብ ሳይሆን በአቆራረጥ ነው። ረጅም ኖታ የት እንደሚቆም ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትም ቦታ ምልክት ይደረግበት።

ልምምድ ከሦስት ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለሰዓት ልምምዱ፣ ቀጣዩ አንድ ሰዓት ለአንድ አዲስ ሥራ፣ የመጨረሻው ሳይቆሙ ሙሉ ዝግጅቱን ለመጫወት። ሲሳሳቱ ማቆም የለመደ ባንድ መድረክ ላይም ያቆማል። ጆሮንም አስቡበት። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም 85 ዴሲቤል ላይ በቀን 8 ሰዓት እንዳይታለፍ ይመክራል፣ በየ3 ዴሲቤሉም ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ድራምና ትራምፔት ያን በቀላሉ ያልፉታል። ተራ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ ስለሚበላ ሙዚቀኛው ያወጣውና ኪሱ ይከተዋል፤ ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራው ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ስለሚቀንስ ይደረጋል።

መድረክ

ባንዱ ከመድረሱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ለድምፅ ባለሙያው ይድረስ፤ ማን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ሥዕልና የመስመር ዝርዝር። ለስድስት ሰው ባንድ ዝርዝሩ እንዲህ ይሆናል፦ ድራም ሰባት መስመር (ኪክ፣ ስኔር፣ ሃይ ሃት፣ ሁለት ቶም፣ ሁለት የሲምባል ማይክ)፣ ቤዝ አንድ፣ ጊታር አንድ፣ ኪቦርድ ሁለት፣ ትንፋሽ ሁለት፣ ድምፃዊ ማይክ ሁለት፤ ድምሩ 15። ቦታው ስምንት መስመር ብቻ ካለው ድራሙ በሦስት ማይክ ይያዝ፣ ቤዙና ኪቦርዱ አንድ አንድ መስመር ይውሰዱ፣ የጊታሩ አምፕሊፋየር በራሱ ይሰማ፣ ሁለቱ ትንፋሽ ተጫዋቾች በአንድ ማይክ ይቁሙ፤ ለሁለቱ ድምፃዊ ማይኮች ሁለት መስመር ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ባንድ አይደናገጥም። ቤዝና ኪቦርድ የሚገቡበትን ዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ያለ ማይክ ከድምፅ ማቀላቀያው ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ሣጥን) ቦታው አለው ብላችሁ አትመኑ፣ ሁለት ይዛችሁ ሂዱ። ትርፍ ኬብል፣ የጊታር ገመድ፣ የሳክስፎን ሪድ፣ የስኔር ቆዳና የኪቦርድ ፔዳል በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ፤ ቦርሳውም ኃላፊ ይኑረው።

ብዙ ባንድ በሚጫወትበት ምሽት ሙሉ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ፍተሻ) አይገኝም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መቀያየሪያ ይሰጣችኋል፤ በሷ መስመሮቹ እንደሚሠሩ ማረጋገጥ እንጂ ድምፅ ማሳመር አይቻልም። ስለዚህ መክፈቻው ሁሉም ቀስ በቀስ የሚገባበት ሥራ ይሁን። ድራም፣ ከዚያ ቤዝ፣ ከዚያ ጊታር እያለ ሲገባ የድምፅ ባለሙያው ዝግጅቱን ሳያቆም አንድ በአንድ ያስተካክላል፣ አድማጩም ምንም አያውቅም። 45 ደቂቃ ከተሰጣችሁ 40 አዘጋጁ። ሰዓት ያሳለፈ ባንድ ሥራው ቢወደድለትም ተመልሶ አይጠራም።

ክፍፍል

ለመድረክ ክፍያ የማውቀው ቀላሉና ጭቅጭቅ የማያስነሳው መንገድ ባንዱን ራሱን እንደ አንድ አባል መቁጠር ነው። 100 ቢገባና ለጉዞና ለመሣሪያ ኪራይ 30 ቢወጣ፣ የቀረው 70 ለስድስት ሳይሆን ለሰባት ይካፈላል። እያንዳንዱ 10 ይወስዳል፣ አንዱ 10 የባንዱ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ቀረጻውም፣ የተሰበረው ማይክም ከዚያ ይሸፈናል። ቦታ የሚያፈላልገው፣ ስልክ የሚደውለውና ውል የሚያነበው ሰው ካለ ደግሞ ከወጪው በፊት 10 በመቶ ይሰጠው። ያ ሥራ ሥራ ነው። በነፃ እንዲሠራ የተተወ ሰው አንድ ቀን ዝም ብሎ መደወል ይተዋል፣ ባንዱም ለምን ጥሪ እንደጠፋ ሳይገባው ይከርማል።

ቀረጻ ላይ ሁለት መብት አለ፤ እነዚህን ማምታታት ብዙ ባንድ ጎድቷል። አንዱ የድርሰቱ ነው፣ ሌላው የተቀረጸው ድምፅ። የድርሰት መብት ባህሉ ዜማና ግጥም ነው የሚለው። የድራም ግሩቭ፣ የቤዝ መስመር፣ የጊታር ጭረት ብዙ ጊዜ «ቅንብር» ተብሎ ይታለፋል። ለድምፃዊ ባላድ ይህ ያስኬድ ይሆናል። መስመሮቹ ተሰካክተው ለሚቆሙበት ሙዚቃ ግን የሥራውን ግማሽ የሠሩትን ሰዎች ከደጅ ያስቀራል። ዜማው በልምምድ ክፍል ውስጥ ከግሩቩ የተወለደ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይመዝገብ። አንድ ሰው ዜማና ኮርዱን ቤቱ ጨርሶ ካመጣው ግማሹን እሱ ይውሰድ፣ ግማሹ ለባንዱ ይከፈል። ይህ የእኔ ሚዛን ነው፣ ሌላ ቁጥር ላይ መስማማት ይቻላል። የማይለወጠው ጊዜው ነው። ወረቀቱ ሥራው ባለቀበት ዕለት ይፈረም፤ የሥራው ስም፣ ቀኑ፣ የእያንዳንዱ ሙሉ ስም፣ ድምሩ 100 የሚሆን በመቶኛ። ከወር በኋላ ያችን ሐረግ ማን እንዳመጣት ሁሉም በየራሱ መልክ ነው የሚያስታውሳት።

ስቱዲዮ ስትገቡ አብራችሁ ተጫወቱ። አንድ በአንድ መቅዳት ለፖፕ ይመቻል፤ ለዚህ ሙዚቃ ግን ቤዙ ለድራሙ የሚመልሰውን መልስ ይገድለዋል። የጊታር አምፕሊፋየሩና ትንፋሾቹ ሌላ ክፍል ወይም ከመጋረጃ ኋላ ይሁኑ፣ ዓይን ለዓይን ግን ተያዩ። በቀን ሦስት ወይም አራት ሥራ ይበቃል። በአምስተኛው ሙከራ ካልተሳካ ሥራው ገና አልበሰለም፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሚክስ ከተደረገው በተጨማሪ የየመስመሩን ፋይል ተቀበሉና ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ስናርኪ ፓፒ በ2004 በኖርዝ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተ ትልቅ ባንድ ነው፤ አልበሞቹን አድማጭ ስቱዲዮ አስገብቶና የጆሮ ማዳመጫ አስደርጎ በቪዲዮ እየቀረጸ ታወቀ። ለእነሱ ቀረጻው፣ ኮንሰርቱና ማስታወቂያው አንድ ሥራ ሆነ። የመጀመሪያ ግራሚያቸውን ያገኙት በ2014 ነው፤ ከተመሠረቱ አሥር ዓመት ገደማ ቆይተው።

ከኢንተርኔት አድማጭ የሚገኘው ገቢ ለብዙ ዓመት ቁም ነገር አይሆንም። ስፖቲፋይ አንድ ማዳመጥ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ሥራ ከክፍያው ድርሻ የለውም። የፈንክ ባንዱ ቩልፍፔክ በ2014 ይህን የ30 ሰከንድ ሕግ ይዞ ድምፅ የሌለበት አሥር ሥራ ያለው አልበም አወጣ፣ አድናቂዎቹን ተኝታችሁ አስደምጡት ብሎ ወደ 20,000 ዶላር አገኘና በነፃ መግቢያ ዞሮ ተጫወተበት። ደጋግሞ የሚሠራ ብልሃት አይደለም፤ አልበሙም ብዙም ሳይቆይ ከስፖቲፋይ ተነሣ። ለሚጋብዝ ሰው ግን ከአልበም ይልቅ ድምፁ የጠራ የሦስት ደቂቃ የመድረክ ቪዲዮ ይበልጣል፤ ግሩቩ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ውስጥ ይግባ። ፌስቲቫሎች ስድስት ወርም ዓመትም ቀድመው ስለሚሞሉ፣ ለአንድ ወቅት ፌስቲቫል በዚያው ወቅት መጠየቅ ዘግይቷል።

የሚቀረው ሰው ሲወጣ ነው፤ ይወጣልም። ስምምነቱ ላይ ስሙ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ሦስት ሰው ከቀረ በስሙ መቀጠል ይችላል ወይ? የወጣው ሰው በተፈረሙት ሥራዎች ላይ ያለው ድርሻ እንደሚቀጥል፣ ከወጣ በኋላ በሚሠሩት ግን እንደማይኖረው ይገለጽ። ከባንዱ ሣጥን የተገዛ ዕቃ የባንዱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሳያሳውቅ የሚሄድ ሰው የተያዙትን መድረኮች ተጫውቶ ይሂድ፤ ካልቻለም ተተኪ ያምጣ። ተተኪ እንዲገባ ደግሞ የሁሉም መሣሪያ ኖታ በአንድ ፋይል ተቀምጦ፣ ምልክቶቹና የየሥራው ቴምፖ ተጽፈውበት መገኘት አለበት። የቪዲዮ ቻናሉ፣ የስርጭት አካውንቱና የደራሲያን ማኅበር ምዝገባው በባንዱ ኢሜይል ይከፈቱ፣ የይለፍ ቃሉም በሁለት ሰው እጅ ይሁን።